ቴክስቱ "ደርሷል" ይላል፣ ዕቃው ሐረር ቁጭ ብሏል (የዕቃ መላኪያ ሪቪው፣ ከ5 ኮከብ 2)

ሪቪው መፃፍ ልማዴ አይደለም፣ ምግብ ቤት ገብቼ ያዘዝኩት ባይጥመኝ እንኳን ሂሳቤን ከፍዬ ዝም ብዬ ነው የምወጣው፣ ይሄንን ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ብሩን እየከፈለ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ድሬ ሆኖ ዕቃ የሚልክ ሰው ምናልባት ይገባዋል፣ ካልገባውም ችግር የለውም፣ የሚልክበት ቦታ ሄዶ ወደታች የምፅፈውን ጥያቄ ይጠይቅ በቃ። የአክስቴን ቀበሌም አልጠራም፣ ትንሽ አገር ስለሆነች ወኪሉ ማን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል፣ እሱ ደሞ ምንም ጥፋት የለበትም። ከባቢሌ አስፋልቱን ትታችሁ በአቧራ ወደ ውስጥ የምትገቡባት፣ ለውዝና ማሽላ የሚበቅልባት አገር በሉኝ፣ ይበቃል።

ለቸኮለ ሰው፦ ከተማ ለከተማ ከሆነ ላኩ፣ ጎበዞች ናቸው። ገጠር ከሆነ ግን ብሩን የምትከፍሉት እስከ ገጠሩ ነው፣ ዕቃው የሚሄደው እስከ ሐረር ነው። ሁለቱ ኮከብ አንዱ ለከተማው ነው፣ አንዱ ደሞ ሐረር ቢሯቸው ለምትሰራው ልጅ፣ እሷን እመጣባታለሁ።

ጥሩውን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ፣ ደንበኞቼ ግማሾቹ እዚሁ ድሬ ናቸው፣ ግማሾቹ ግን ስልክ ላይ ፎቶ አይተው የሚያዙ ናቸው፣ አዲስ አበባም ጅግጅጋም ጭሮም አሉ፣ ስለዚህ በሳምንት ሶስት አራት ካርቶን ሳልልክ አልውልም። ማታ የሰጠኋቸው በነጋታው አዲስ አበባ ይገባል፣ ለኔም ለተቀባዩም ቴክስት ይመጣል፣ እስከዛሬ የጠፋብኝ ዕቃ የለም፣ አንዴ ብቻ ሁለት ቀሚስ ዝናብ መቶት ደርሶ ፎቶውን ሳሳያቸው ሳልከራከር ከፍለውኛል። ካውንተር ላይ ያሉት ልጆች ስነ ስርዓት አላቸው፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ካርቶኑ የላላ ከሆነ ራሳቸው ስኮች ያዞሩበታል እንጂ ሂጂና አሳሽገሽ ነይ አይሉም። በዛ ላይ ቬንትሌተር አላቸው፣ በድሬ ሙቀት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንዳንዴ ወረፋው እንዳያልቅብኝ የምመኝበት ቀን አለ።

ገጠሩን የጀመሩት የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ከዛ በፊት ለአክስቴ ዕቃ መላክ ማለት ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ወርዶ የሐረር መኪና ረዳት መለመን ነው፣ ሐረር ላይ አንድ የሚቀበል ዘመድ ይኖራል፣ እሱ ለባቢሌ ረዳት ይሰጣል፣ ባቢሌ ደሞ ገበያ የወጣ የቀበሌው ሰው ተፈልጎ ለሱ ይሰጣል፣ በየደረጃው አደራ አደራ እየተባለ አራት እጅ ያልፋል። አደራ ደግ ነገር ነው፣ አደራ በልቶ የሚያድር ሰው ብዙ የለም፣ ግን አንዴ ሁለት ኪሎ ስኳር ልኬ ኪሎ ተኩል ሆኖ ደርሷል፣ ማን እጅ ላይ እንደቀለለ እስከዛሬ አላወቅንም፣ ማንን ትጠይቃላችሁ?

እና እነዚህ ሰዎች ማክሰኞና አርብ በፒካፕ ከሐረር ወደ ገጠር እናደርሳለን ሲሉ እልል ነው ያልኩት። ሐረር ድረስ 100 ብር ነበር፣ እስከ ቀበሌው 250፣ አልተወደደብኝም። በየቀበሌው ወኪል ያዙ፣ አክስቴ ጋ ወኪሉ ባለሱቅ ነው። ሱቁን አይቼዋለሁ፣ ከሚዛኑ ስር በዘይት ጀሪካንና በፓስታ ካርቶን መሃል አንድ ክንድ የምታህል ባዶ ቦታ አለች፣ የመጣው ዕቃ ሁሉ እዛች ውስጥ ይገባል፣ እሱም በአራት ማዕዘን ደብተር ላይ በእስክርቢቶ ይመዘግባል። ተቀባዩ በዛኑ ቀን ካልመጣ የሱቁ ደጃፍ ላይ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱን በአንድ ከረሜላ ይልከዋል። ሲስተሙ በቃ ይሄ ነበር፣ አንድ ቀንም ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለው። ባለሱቁ የሚያነበው ቁቤ ነው፣ እኛ ደሞ ከድሬ ስንልክ በአማርኛ ነው የምንፅፈው፣ ስለዚህ ፒካፑ በመጣ ቁጥር "ቲቸር ኮቱ!" ብሎ አክስቴን ያስጠራታል፣ እሷ መጥታ በርጩማው ላይ ቁጭ ትልና ስሙን አንድ በአንድ ታነብለታለች፣ እሱ ይፅፋል። አክስቴ የድሬ ልጅ ናት፣ ለገሀር አካባቢ ነው ያደገችው፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልታስተምር ሄዳ እዛው ቀረች፣ አግብታ ወልዳ ጡረታም ወጣች። ድሮም ደብዳቤ አንባቢ እሷ ነበረች። ያኔ ለቀበሌው ሰው ደብዳቤ ሲመጣ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን በኩል ነው፣ "ይድረስ ለእገሌ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል" ተብሎ፣ እኛ አገር ፖስተኛ ቤት ለቤት የሚዞርበት ወግ የለም፣ ሣጥን ያለው በሣጥኑ፣ የሌለው ሣጥን ባለው ሰው ወይ መስሪያ ቤት ታክኮ ነው። ደመወዝ ሊያመጣ ባቢሌ የወጣ አስተማሪ ፖስታውን ይዞ ይመለሳል፣ ማታ ሰዉ አክስቴ ቤት ይሰበሰባል፣ እሷ "ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" የሚለውን ለስንት ቤተሰብ ስንቴ እንዳነበበች። ወታደር ቤት የነበረ የአንድ ሰውዬ ልጅ ሞቱን የሚናገረውን ወረቀትም ያነበበችው እሷ ናት፣ እሱን ስታወራ አሁንም ድምጿ ይቀየራል።

ወደ ሪቪው ልመለስ፣ ረዘመብኝ።

ዘንድሮ ለገና እኔ ጋ መጥታ አይኗን አስመረመርናት፣ የቅርብ ማንበቢያ መነፅር ታዘዘላት፣ መነፅሩ ሳይደርስ ለጥምቀት አገሬ ካልሆንኩ ብላ ሄደች። እኔ ተረክቤ ጠንካራው ቤቱ ውስጥ አድርጌ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ተምር አንድ ኪሎ፣ ሻሽ፣ ነጭ ክርና መርፌ ጨምሬ በትንሽ ካርቶን ማክሰኞ ጠዋት ሰጠኋቸው። 250 ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ መድረሻው የቀበሌው ስም ተፅፏል፣ ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ተቀባይ የሚለው ላይ እኔ ሁሌ እንደማደርገው "ለቲቸር፣ በባለሱቁ በኩል" ብዬ ፃፍኩ።

አርብ ቴክስት መጣ፣ ውድ ደንበኛችን ዕቃዎ ደርሷል። ደወልኩላት።

"እትዬ፣ መነፅሩ ልክ ሆነልሽ?"

"የቱ መነፅር ልጄ? ባለሱቁ ጋ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ መኪናዋ ከመጣች ሶስተኛ ሳምንቷ ነው ይላል።"

ሶስት ሳምንት! ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ካውንተር ላይ ያለው ልጅ ቁጥሩን አስገባና "ደርሷል እኮ ነው የሚለው እህቴ" አለኝ። የት ነው የደረሰው አልኩት። ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ፣ ወደኔ አዞረው፣ ሐረር ይላል። እኔ ሐረር ሰው የለኝም፣ ሐረር አልላኩም፣ ደረሰኜ ይኸው አልኩ። "የገጠር መስመር ቆሟል፣ ተቀባይ ነው ከሐረር መጥቶ የሚወስደው" አለ። መቼ ነው የቆመው? ከገና በፊት። ታዲያ ከገና በኋላ 250 ብር ለምን ተቀበላችሁኝ? ይሄኔ ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ቀስ ብሎ "ታሪፉ ሲስተሙ ላይ አልተቀየረም" አለኝ።

አቦ! መኪናውን ማቆም አንድ ቀን በቂ ነው፣ ዋጋውን ማስተካከል ግን ሲስተም ይፈልጋል። ልጁን አልጮህኩበትም፣ ተቀጣሪ ነው፣ ምን ያድርግ። ግን አስቡት፣ ለወኪሎቹ እንኳን መስመሩ ቆሟል ብሎ የነገራቸው የለም፣ ባለሱቁ ማክሰኞና አርብ መንገድ መንገዱን እያየ ነበር። ማስታወቂያ በር ላይ የለም፣ ቴክስት የለም። ቴክስት መላክ ያውቃሉ እኮ፣ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ይልኩብናል።

አክስቴ ሐረር ሄዳ ትውሰድ ቢባል ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት በሞተር አቧራውን አልፋ እስከ ባቢሌ፣ ከባቢሌ በሚኒባስ ሐረር፣ ከመናኸሪያው ደሞ ቢሯቸው ድረስ ታክሲ፣ እና መመለሻው እንደገና። ሙሉ ቀን ነው፣ ወጪው ከመነፅሩ ቤት ዋጋ ይበልጣል፣ ዕድሜዋ ደሞ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ከዛ የሚመጣው ይባስ፣ መታወቂያ አምጪ ትባላለች፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው "ቲቸር" ነው። ቀበሌው ውስጥ "ለቲቸር፣ በባለሱቁ በኩል" ከቤት ቁጥር የበለጠ አድራሻ ነው። ሐረር ላይ ግን ማንም ቲቸር ሊሆን ይችላል። ይሄ የኔም ጥፋት አለበት፣ ሙሉ ስም መፃፍ ነበረብኝ፣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰራ የኖረ ነገር ነው።

ስለዚህ እኔ ሄድኩ። ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ደንገጎን ስትወጡ ጀምሮ ያው አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ድሬ የለበስኩት ስስ ሻርፕ አዴሌ ላይ ሳይበቃኝ ቀረ። አወዳይ ስንደርስ መንገዱ በጫት መኪና ተዘግቶ ቆምን፣ እዛ ቆመን ነው ንድድ ያልኩት። ይሄ ጫት ጠዋት ከማሳ ተቆርጦ ከሰዓት ጅግጅጋን አልፎ ወደ ሶማሌላንድ እየበረረ ነው፣ በዚህ በምስራቅ የሚኖር ሰው ከጫት መኪና የፈጠነ ነገር አይቶ አያውቅም፣ ሹፌሮቹ ጡሩንባ እየነፉ ሲያልፉ ከብት ራሱ መንገድ ይለቃል። እና ያ ሁሉ መኪና ባቢሌን ነው የሚያልፈው። የአክስቴ መነፅር ታዲያ ስልሳ ኪሎ ሜትር እንኳን የማትሞላ መንገድ ሄዶ ሐረር ላይ ደከመኝ አለ? ጫት ካልደረሰ ይጠወልጋል፣ ሺዎች ብር ነው የሚጠወልገው፣ ይገባኛል። መነፅር አይጠወልግም።

ሐረር መናኸሪያ ወርጄ ያችን አሮጌ ፔጆ ታክሲ ያዝኩ (እንዴት እስከዛሬ እንደሚነሱ እግዜር ይወቅ፣ በሩን ሹፌሩ ከውጭ ነው የሚከፍትልህ)። ቢሮው ትንሽ ነው፣ አንድ ልጅ ብቻዋን ትሰራለች። ደረሰኙን ሳሳያት ገና ሳልናገር "የገጠር ነው አይደል?" አለችኝ፣ ኑ ግቡ ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

ጓዳው ውስጥ ያየሁት ነው ይሄን ያስፃፈኝ። አንድ የብረት መደርደሪያ ሙሉ የገጠር ዕቃ ነው፣ ሞልቶ መሬት ላይም ወርዷል፣ ወደ አርባ ይሆናል። ላያቸው ላይ የተፃፈውን ቆሜ አነበብኩ። "ከወፍጮ ቤቱ ጎን ላለው ልብስ ሰፊ።" "ለጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ለቀጭኗ።" "ለሀጂ፣ የግመሉ።" አንድ ማዳበሪያ ላይ በማርከር "ለእናቴ" ብቻ ተብሎ ተፅፏል፣ ከስሩ ስልክ ቁጥር አለ። ልጅቷን ይሄ የማን ነው አልኳት፣ "ስልኩ ዝግ ነው፣ በየቀኑ እሞክራለሁ" አለች። ከማዳበሪያው የሆነ ሽታ ይወጣል፣ ቅቤ ሳይሆን አይቀርም፣ አንዱ ጥግ በወዝ ረጥቧል።

እንግዲህ እያንዳንዳቸው አድራሻ አላቸው። አድራሻው የተቀመጠው ግን ባለሱቆቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ባለሱቁን ከመሃል ስታወጣው አርባ ዕቃ ባለቤት አልባ ሆነ። አለቆቹ የቀነሱት ፒካፕና ናፍጣ መስሏቸዋል።

ልጅቷ ግን ትባረክ። መስመሩ ሲቆም አለቆቿ ደውይላቸው አሏት፣ የስልክ ካርድ ግን አልሰጧትም፣ ከኪሷ እየሞላች ነው የምትደውለው። የኔን ካርቶን አወጣች፣ ስሙ አይገጥምም፣ እኔም ተቀባይ አይደለሁም፣ በደንቡ መስጠት አትችልም። ምን አደረገች? ባለሱቁ ጋ ደወለች። ድርጅቱ ከተወው ስንት ሳምንት የሆነው ሰውዬ አነሳ፣ ቲቸር ማናት ስትለው ሳቀ፣ ሙሉ ስሟን ነገራት፣ "ልጇ ናት፣ የድሬዋ፣ ቀይዋ፣ ስጫት" አላት። (ልጇ አይደለሁም፣ የእህቷ ልጅ ነኝ፣ ግን እዛ ልጇ ነው የምባለው።) ፈረምኩ፣ ወሰድኩ።

መነፅሩ ቤቱ ውስጥ ደህና ነበር። ተምሩ ግን ጉንዳን ገብቶበታል።

አሁን ስሙኝ። ካርቶኑን ይዤ ወደ ባቢሌ የሚጭኑት ጋ ሄድኩ፣ አንዱን ረዳት አየሁት፣ ልጅ እግር ነው፣ ጥርሱ ላይ መፋቂያ አለ። እንዲህ እንዲህ ነው አልኩት። "የቲቸር ነው? እሺ እማ" አለ። ያውቃታል! የእናቱን አገር ልጆች እሷ ነው ያስተማረችው። መቶ ብር ሰጠሁት፣ ሃምሳውን ባቢሌ ላይ ሞተር ለሚይዘው ጓደኛው ሊሰጥ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። እኔ ድሬ ገብቼ ባጃጅ ላይ ሳለሁ፣ አስራ አንዱ ተኩል ቢሆን ነው፣ ባለሱቁ ራሱ ደወለ፣ "ገብቷል" አለ፣ ዘጋው። መቶ ብር፣ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ቴክስት፣ ያለ ሲስተም።

ሰዎቹንም ልረዳቸው ሞክሬያለሁ፣ እኔም ነጋዴ ነኝ። ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ መጣ፣ በ2016 ሐምሌ ደሞ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ፣ ከዛ ወዲህ የጎማም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል። አንድ ፒካፕ በፒስታ መንገድ ስምንት ዘጠኝ ካርቶን ይዞ ሄዶ ባዶውን ሲመለስ ኪሳራ ነው፣ ሂሳቡን ወረቀት ላይ መስራት አያስፈልገኝም። ማክሰኞና አርብ ካላዋጣ በሳምንት አንዴ አድርጉት፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ አድርጉት። እንዳልኩት ረዳቶች አሉ፣ ከነሱ ጋ ተስማሙና ወኪሉን አቆዩት። ዋጋ ጨምሩ ከፈለጋችሁ፣ 350 በሉን፣ እንከፍላለን ወይ እንተወዋለን። መቁረጥም ከሆነ ቁረጡ፣ ግን ደረሰኙ ላይ ሐረር ብላችሁ ፃፉ፣ 100 ብር ተቀበሉ። የሚያናድደው መቆረጡ ብቻ አይደለም፣ ተቆርጦ እንዳልተቆረጠ መሆኑ ነው።

ይሄን ነገር ውጭ ላለው ለአጎቴ ልጅ ሳወራው በየአገሩ ነው ፖስታ እየተቆረጠ ያለው አለኝ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤቱ ጭራሽ ደብዳቤ ማደል አቆመ፣ ከ2000 ወዲህ የደብዳቤው ብዛት ከዘጠና በመቶ በላይ ወርዶ ነው፣ መንገድ ዳር ያሉትን ቀያይ ሣጥኖች ሳይቀር ለቃቀሟቸው። እነሱ ግን ያንኑ ዓመት መጋቢት ላይ ነው ያሳወቁት፣ ሰው ዘጠኝ ወር ገደማ ተዘጋጅቷል። አሜሪካ ደሞ ግራንድ ካንየን የሚባለው ገደል ውስጥ ሱፓይ የምትባል መንደር አለች፣ መኪና አይገባም፣ እስከዛሬ ፖስታዋን በበቅሎ ነው የሚያወርዱላት፣ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት። በቅሎ! እኔ ደሞ እዚህ ፒካፕ አቃተን እየተባልኩ ነው።

በቅሎ ካነሳን ሐረር ራሷ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ፖስታ ቤቶች አንዷ ናት። ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ፓሪስ ነው የታተሙት፣ ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ገና የለችም፣ እኛ በ1895 ከባቡሩ ጋር ነው የመጣነው። ከሸዋ ወደ ሐረር የሚሄደው መልዕክት በእግረኛና በበቅሎ ነበር፣ መልዕክተኛ ደብዳቤውን የተሰነጠቀ እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄዳል፣ ያየው ሁሉ መልዕክተኛ መሆኑን አውቆ ያሳልፈዋል። በ1901 ደሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ሕብረት አባል ሆነች። ባቡሩ ደሞ ከጅቡቲ የፖስታ ከረጢት ይዞ ድሬ ይገባ ነበር። አክስቴ ስታወራ ልጅ ሆና የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ዛሬ ፖስታ አለ ይባል ነበር ትላለች።

ደብዳቤ ማንም አይፅፍም አሁን ትሉኛላችሁ፣ ልክ ነው፣ ሰላምታው በስልክ አለቀ፣ ገንዘቡም በቴሌብር ነው። ቴሌብር ግን መነፅር አይልክም። የነርሷን ጫማ አይልክም፣ የልብስ ሰፊውን የሲንጀር ቀበቶ አይልክም። ከተማ ያለ ሰው የቸገረውን ወጥቶ ይገዛል፣ ገጠር ያለው ነው ዕቃ የሚላክለት።

ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ ሰዎች፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ አድርጉ፣ እኔ ከስሬ ነው የተማርኩት። ስትከፍሉ "ዕቃው በናንተ መኪና የሚቆመው የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይደርሳል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይደርሳል ነው የሚሏችሁ። የተቀባዩን ስም እንደ መታወቂያው ፃፉ፣ ሰፈር የሚጠራበትን ስም ከጎኑ ጨምሩ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል። ቅቤ አትላኩ። ወኪሉ ስልክ ካለው ስልኩን እናንተም ያዙት። እኔ ለብቻው 150 ብሬን እንዲመልሱልኝ አመልክቻለሁ፣ ሲስተሙ ላይ አስገብተነዋል ብለውኛል፣ እስከዛሬ ሶስት ሳምንቱ ነው፣ ከመለሱልኝ እዚሁ መጥቼ አስተካክላለሁ፣ ኮከብም እጨምራለሁ፣ ቂም የለኝም።

ሐሙስ ለት ያ ረዳት ሱቄ ድረስ መጣ። እኔ የላኩትን ካርቶን ነው የያዘው፣ የድርጅቱ ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው፣ አክስቴ ለውዝ ሞልታ መልሳዋለች፣ የተቆላም ያልተቆላም፣ ከላይ በደብተር ወረቀት ደብዳቤ አለ። "ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ" ብላ ነው የጀመረችው፣ በስልክ በየቀኑ እያወራን። መነፅሩ ልክ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ይከብዳታል፣ ባለሱቁ ግን የሚነበብ ዕቃ የሚያመጣለት መኪና ስለሌለ የመድኃኒት ወረቀት እያስነበባት ነው። የላክሽው ክር ነጭ ነው፣ እኔ የምሰፋው ጥቁር ነው፣ ጥቁር ክር ሁለት ቱባ ላኪልኝ ትላለች።

ረዳቱ ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነኝ ብሏል።